አባቴና የስኮትላንዱ የድንጋይ ክብ

ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን ከተማ በተማርኩባቸው ዓመታት፣ ቅዳሜ ሲሆን አውቶቡስ ይዤ ወደ ገጠር እወጣ ነበር። ገብሱ፣ በጉ፣ ጉሙ ለጎጃም ሰከላ ልጅ አዲስ አይደለም። ልቤን የወሰዱት በየጉብታው ላይ ክብ ሠርተው የቆሙት ድንጋዮች ናቸው። ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የዚያ አካባቢ ክቦች አሠራራቸው ለብቻ ነው፦ በደቡብ ምዕራብ በኩል አንድ ግዙፍ ድንጋይ በጎኑ ይጋደማል፤ ግራና ቀኙን ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ይቆማሉ፤ የቀሩት ከእነዚያ እየራቁ ሲሄዱ ቁመታቸው እያጠረ ክቡን ይዘጋሉ። ኦልድ ኪግ በሚባለው ቦታ የተጋደመው 50 ቶን ያህል እንደሚመዝን ይገመታል። ሚድማር በሚባል ሌላ ቦታ ደግሞ ክቡ ያለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመቃብሮቹ መካከል ነው። እዚያ ስደርስ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም።

እነዚህን ማንም ሄዶ ያያቸዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የጠፋው ነው።

የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካርታዎችን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። የጥንቱን ካርታ ከዛሬው የሳተላይት ፎቶ ላይ ደርቦ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በተሠራው ካርታ አንድ ማሳ ላይ «የድንጋይ ክብ ቅሪት» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ቀጥሎ በታተመው ላይ «ክቡ የነበረበት ቦታ» ይላል። በሳተላይቱ ፎቶ ላይ ግን ገብስ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ሕግ፣ ጉዳት እስካላደረሱ ድረስ በሰው መሬት በእግር ማለፍ ይፈቀዳል፤ የበቀለ ሰብል መርገጥ ግን አይቻልም። አጨዳው እስኪያልቅ ጠብቄ ሄድኩ። ከቃርሚያና ከትንሽ ጉብታ በቀር አንድም ድንጋይ የለም። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሰዎች ብጠይቅ የሰማ አልነበረም።

ያን ቀን ትዝ ያለኝ ጄምስ ብሩስ ነው። እሱም የስኮትላንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 እኛ አገር ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የዓባይን ምንጭ አየ። ምንጩ ለአገሬው አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ መርተው ያደረሱት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። እኔ በእሱ አገር የሚመራኝ አጣሁ። ይህ ሐዘን ሆኖ ከረመብኝ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ፎቶዎቹን ለአባቴ አሳየሁት። ስልኩን ከዓይኑ አራቀና ብዙ አየው።

«ማሳው ቁልቁል የሚሄደው ወዴት ነው?»

«ወደ ወንዙ።»

«እንግዲያ ድንጋዩ ታች ነው። ድንጋይ ለቅሞ ዳገት የሚያወጣ ገበሬ የለም፣ ልጄ። ታች ያለውን ካብ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር።

«ረጅሙንና ቀጥ ያለውን ማንም አይሰብረውም። የአጥር በር ምሰሶ ያደርገዋል፣ አለያም ለጅረት መሻገሪያ። ከበሬ አቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ወይ እዚያው ይቀብረዋል፣ ወይ እሳት አንድዶበት ይሰነጥቀዋል።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከማሳው ድንጋይ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። በመጽሐፍ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ከአበርዲን ወጣ ብሎ ኪንግስዌልስ የሚባል ቦታ በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ወርዱ 10 ሜትር ያህል የሚሆን ካብ አለ፤ ከማሳ የተለቀመውን ድንጋይ ሁሉ ማኖሪያ ሲያጡ ነው ያን ያህል ያሰፉት። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌአለሁ።

ተመልሼ ሄድኩና በካቡ ሥር ሥር ተጓዝኩ። ወንዙ አጠገብ፣ ከትንንሾቹ ድንጋዮች በታች፣ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ድንጋይ ተጋድሟል። ፊቱ ላይ ስኒ የሚያህሉ ክብ ጎድጓዶች ተፈልፍለዋል፤ እንዲህ ያለ ምልክት በዚያ አካባቢ ክቦች ላይ የታወቀ ነው። የአጥሩ በር አንዱ ምሰሶም ከሌላው በእጥፍ የወፈረ፣ አናቱ የሾለ ድንጋይ ነው። እጄን ጫንኩበትና አለቀስኩ።

ፎቶውንና ቦታውን ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የአርኪዮሎጂ ክፍል ላክሁ። እኔ ክቡ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማረጋገጡ ግን የእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በዚያው አውራጃ ሌኦሄል ኩሽኒ ላይ ጥንታዊ ክብ ተገኘ ተብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ የቀድሞው የእርሻው ባለቤት በ1990ዎቹ ራሱ እንደሠራው ተናግሯል።

ካርታ ሠሪዎቹ በ1860ዎቹ የቦታ ስም የሚመዘግቡበት ደብተር ነበራቸው፤ ለአንድ ስም ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህል የአካባቢው ሰዎች በምስክርነት ይጻፋሉ። ዘንድሮ ሰከላ ስመጣ እንደዚያው ያለ ደብተር ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ኮሶው ሥር» ተብሎ የሚጠራው ማሳችን አለ። ኮሶው እኔ ሳልወለድ ተቆርጧል፤ አባቴ ጉቶው የነበረበትን በእግሩ ረግጦ አሳየኝ። አንዱ ምስክር እሱ ነው። ሁለተኛዋ አክስቴ ናት፣ ፈርማለች። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ እናገኛቸዋለን።