ለንደንን ትቼ የሰው ጓሮ ገባሁ

አዎ፣ የሰማችሁት እውነት ነው። የመጋዘኑን የሌሊት ሥራ ትቼ አትክልተኛነት እየተማርኩ ነው። ኮትስወልድስ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር፣ አንድ የግል ኢስቴት ውስጥ ተለማማጅ ሆኜ የገባሁት መስከረም ላይ ነው። ይህን የሰማ ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ "ታዲያ ክፍያው እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ አይደለም። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

እማዬ ደግሞ ቀጥታ ነው የተናገረችው። "እንግሊዝ አገር ድረስ ሄደህ የሰው ጓሮ ልትኮተኩት? ኩትኮታውማ እዚህም ነበረልህ እኮ!" አልፈረድኩባትም። አዲስ አበባ አትክልተኛ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ነው። በር ይከፍታል፣ መኪና ያጥባል፣ ጊዜ ሲተርፈው ጎማ ይዞ ሳር ያጠጣል። ሁለት ዓመት ተቀምጠው የሚማሩት፣ ፈተና ያለው ሙያ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ኢስቴት ሲባል አንድ ትልቅ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ አለ፣ ከዚያ ጫካው፣ በጎቹ የሚግጡበት መስክ፣ ተከራይ ገበሬዎች የሚያርሱት መሬት፣ ኩሬው፣ የሠራተኞቹ ቤቶች። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ነው። የአገራችንን የመሬት ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲመጣ ብዙ ነገር በሐሳቡ ይመላለሳል። "መሬት ላራሹ" እዚህ አልደረሰም፣ ይኸው ነው።

ባለቤቶቹን ግን ብዙም አናያቸውም። ውሾቻቸውን አስከትለው ያልፋሉ፣ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ ይሄዳሉ። ጓሮውን የሚያዙበት ዋናዋ አትክልተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእማዬ ብዙም አይርቅም። እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠራው በስሙ ስለሆነ እኔም በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ በአማርኛ ሳስብ ግን አንቱ ናቸው፣ ምን ላድርግ። አንድ ዛፍ የት ይተከል፣ የቱ ይቆረጥ፣ የቱ አበባ በየትኛው ወር የት ቦታ ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ጌትየው ራሳቸው አበባ ቆርጠው ወደ ቤት ለማስገባት ሲፈልጉ ሲያስፈቅዷቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሥልጣን ዛሬ የመጣ አይደለም። ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ የዴቮንሺሩ መስፍን ቻትስወርዝ በተባለው ርስታቸው ዋና አትክልተኛ አድርገው ቀጠሩት። እሱ ራሱ እንደተረከው ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። የሚከፍትለት ሰው ስላልነበረ በበሩ ላይ ተንጠላጥሎ ገባ። ግቢውን ዞሮ አየ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠራተኞቹን ሥራ አስጀመረ። ቁርስ ላይ ከቤቱ አስተዳዳሪ ዘመድ ጋር ተዋወቀ፣ ከልጅቱም ጋር እዚያው ተዋደዱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት አልሞላም! በዓመቱ ተጋቡ። ይኸው ሰው ነው በኋላ ለ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ያንን ግዙፍ የመስታወት ሕንጻ የነደፈው። እዚያው ቻትስወርዝ በመስታወት ቤት ያበቀለው አጭር የሙዝ ዓይነት ደግሞ በመስፍኑ የቤተሰብ ስም ካቨንዲሽ ተባለ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የምትገዙት ሙዝ ከሞላ ጎደል ሁሉም የካቨንዲሽ ወገን ነው።

ፓክስተን በመጀመሪያው ጠዋት ይህን ሁሉ ሠራ። እኔ ቅጠል ጠረግኩ።

በሁለተኛውም ቀን ጠረግኩ። መጸው ላይ የሚረግፈው የኦክና የቢች ቅጠል ማለቂያ የለውም። ግን አይጣልም፣ አይቃጠልም። በሽቦ አጥር ውስጥ ይከመርና ሁለት ዓመት ይተዋል፣ ከዚያ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ አፈር የመሰለ ነገር ይሆናል። እሱን ነው መደቡ ላይ የምናለብሰው። ዘንድሮ የጠረግኩትን ቅጠል የምጠቀምበት የሥልጠናዬ ማብቂያ ላይ ነው ማለት ነው። የዚህ ሥራ ሰዓት አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ለመጣ ሰው ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል።

ያልጠበቅኩት ፈተናውን ነው። በየጊዜው አለቃዬ ከጓሮው ቅርንጫፍ እየቆረጡ በጠርሙስ ይደረድሩልናል። የእያንዳንዱን ሙሉ የላቲን ስም መጻፍ አለብን፣ ወገኑን፣ ዝርያውን፣ ቤተሰቡን ሁሉ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ግማሽ ነጥብ የለም። በተለይ ክረምት ላይ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ሲቀር ግራ ያጋባል። ያኔ የሚለየው በእምቡጡ ነው። የአሽ ዛፍ እምቡጥ ጥቁር ነው፣ የቢች ረዘም፣ ሾጠጥ ያለ ቡናማ ነው። አሁን መንገድ ላይ ስሄድ እምቡጥ ሳላይ አላልፍም፣ ጓደኞቼ ተሰላችተውብኛል።

አፈሩ ሌላ ትምህርት ነው። ኮትስወልድስ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። እነዚያ በፖስታ ካርድ የምታዩዋቸው የማር መልክ ያላቸው ቤቶች የተሠሩት ከዚሁ ድንጋይ ነው። አካፋ ስትሰኩ ድንጋይ፣ ስትቆፍሩ ድንጋይ። ኖራ ስለበዛበት ሮዶደንድሮንና ካሜሊያ የመሳሰሉት መሬት ላይ አይሆኑም፣ ቅጠላቸው ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የግድ ከተፈለጉ በትልልቅ ማሰሮ፣ ለብቻ በተዘጋጀ አፈር ይተከላሉ። የሚጠጡትም የዝናብ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ውሃም ኖራ አለበት። ቅንጦት ማለት ይሄ ነው፣ የራሱ ውሃ የሚቀዳለት አበባ።

ከሁሉም የምወደው በግንብ የታጠረውን ጓሮ ነው። ድሮ የቤቱ አትክልትና ፍራፍሬ በሙሉ የሚመጣው ከዚያ ነበር። የጡብ ግንቡ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ግንብ ፊቱ ወደየት እንደሆነ ታይቶ ነው የሚተከልበት። ወደ ደቡብ የሚያየው ላይ ኮክና በለስ። ፀሐይ የማያገኘው፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ላይ ጎምዛዛው የሞሬሎ ቼሪ። ባዶ የሚተው ግንብ የለም።

ጥር ላይ እዚያ ጽጌረዳ ማሰር ተማርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግንብ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳ ከተተወች ቅርንጫፏ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄድና ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል። ጫፉ የሚልከው ሆርሞን ከበታቹ ያሉትን እምቡጦች ያፍናቸዋል። ቅርንጫፉን አጎንብሳችሁ ወደ ጎን ካሰራችሁት ግን የጫፉ የበላይነት ይቀራል፣ ከየአንጓው ቡቃያ ይነሳል፣ ግንቡ በሙሉ አበባ ይለብሳል። በአፍ ቀላል ነው። አለቃዬ ሲያጎነብሱት ያየሁትን ልንገራችሁ። አውራ ጣታቸውን ከቅርንጫፉ ሥር ያደርጋሉ፣ በሌላው እጃቸው ትንሽ ያጎብጡታል፣ ይቆማሉ፣ አውራ ጣታቸውን ስንዝር ያህል ወደፊት ያስጠጋሉ፣ እንደገና ትንሽ ያጎብጣሉ። አይቸኩሉም። ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ ያዘነብላሉ፣ ሊሰበር ሲል ድምፅ ይሰጣል ይላሉ። ከዚያ በቃጫ ሲባጎ ይታሰራል፣ ሲባጎው በሽቦውና በቅርንጫፉ መሃል አንዴ ተጠማዞ ማለፍ አለበት። ካልሆነ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሽቦው ልጡን ይልጠዋል። ጠዋቱን ሙሉ ሁለት ጽጌረዳ። መጋዘን ቢሆን በዚያ ፍጥነት ተባርሬያለሁ።

አሁን ስለ እንሰት ላውራ፣ ምክንያቱም ይህንን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል።

ጥቅምት ላይ፣ ውርጭ ከመምጣቱ በፊት፣ አለቃዬ "ዛሬ አቢሲኒያዎቹን ሙዞች እናስገባለን" አሉ። ተከትያቸው ሄድኩ። ጥግ ዞር ስንል እንሰት ቆሟል! ቅጠሉ ቀላ ያለው ዓይነት፣ ቁመቱ ከእኔ የበለጠ፣ በዳህሊያ አበቦች መሃል። እማዬ የጉራጌ ልጅ ናት፣ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው ያደገችው። እኔም ክረምት ክረምት አያቶቼ ጋ ስላክ በቅጠሉ ተጠልዬ ከዝናብ የሮጥኩበት ነው። እዚህ ለጌጥ ነው የሚተከለው። በጋውን በውጭ ይቆማል፣ ውርጭ ከነካው ስለሚሞት መጸው ላይ ይነቀላል፣ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ክረምቱን ውርጭ በማይገባበት ደረቅ ቤት ያሳልፋል። ለአራት ተሸክመን አስገባነው።

ማታ ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ይሄ እንሰት አይደለም እንዴ?"
"ነው።"
"ቆጮውን ማን ይበላዋል?"
"ማንም።"
"ታዲያ ለምን ተከሉት?"
"ለማየት።"

ዝም አለች። ከዚያ ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ ስልኩን ለአክስቴ ሰጥታ አክስቴም እንደ አዲስ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራዬ ቅሬታ ቀንሷል። ስትደውል "እንሰቱ እንዴት ነው?" ነው መጀመሪያ የምትለው።

ለነገሩ ታሪኩ ረጅም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ሲዞር እንሰትን አይቶ ስለ እሱ ከነሥዕሉ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1853 ደግሞ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ለንደን ላለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ዘር ላከ፣ እዚያም በቀለ። እኛ ጋ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የሚኖርበት ምግብ እዚህ የአበባ መደብ ማድመቂያ ሆነ። እንሰት ብቻውን አይደለም። ሴቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉባት እንሶስላም እዚህ አለች፣ ለነጭ አበባዋና ማታ ማታ ለሚያውደው ሽታዋ ነው የሚተክሏት፣ ሥሯን የሚነካው የለም። ስለ እንሶስላ ለአለቃዬ ስነግራቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። እኔ እሳቸውን ያስተማርኩበት ብቸኛው ጊዜ ነው፣ እስካሁን።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን እንግሊዝ ውስጥ የተለማማጅ ሕጋዊ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር። ዕድሜው 21 ለሞላው ለሌላው ሠራተኛ 12.21 ነበር። 19 ዓመት የሞላው ተለማማጅ በዝቅተኛው ሊከፈለው የሚችለው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ዕድሜው ክፍያ ይገባል። ጨመር አድርገው የሚከፍሉ ኢስቴቶችም አሉ። ለእኔ ነገሩን ያቀለለው ማደሪያው ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጥቶኛል፣ ለንደን ለኪራይ የማወጣው ቀርቷል። ግን ይህ ጥሩ ጎን ብቻ ያለው አይደለም። ቤቱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፣ ሥራው ሲቀር ቤቱም ይቀራል። ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ኢስቴት ሠርተው ጡረታ ሲደርስ የራሳቸው ጣራ የሌላቸው አትክልተኞች አሉ። ሙያው የተከበረ ነው ብሎ የሚያወራ ሁሉ ይህንን አብሮ ቢያወራ ጥሩ ነው። ክብር ኪራይ አይከፍልም።

ማየት ብቻ ለምትፈልጉ፣ እንዲህ ያሉ የግል ጓሮዎች ዓመቱን ሙሉ ዝግ ሆነው በዓመት አንድ ሁለት ቀን ለሕዝብ የሚከፈቱበት መንገድ አለ። ናሽናል ጋርደን ስኪም ይባላል። በ1927 ሲጀመር 609 ጓሮዎች ተከፈቱ፣ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። አሁንም ገቢው ለበጎ አድራጎት ነው፣ በአብዛኛው ለነርሶችና ለጤና ድርጅቶች ይሄዳል። ኬክም ሻይም አይጠፋም። ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ አትቆጩም።

ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ከእኔ ጋር ኮሌጅ የሚመጣ አንድ ሰው የልጅ ልጅ አለው። በመንግሥት ወጪ ለሚሸፈነው ሥልጠና በአብዛኛው 3 ዓመት እዚህ አገር የኖረ ሰው ይፈለጋል፣ የስደተኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው ግን ሦስቱን ዓመት መጠበቅ የለበትም። ብዙዎቹ ቦታዎች የሚጀምሩት መስከረም ላይ ስለሆነ ማስታወቂያ መፈለግ ያለባችሁ ከጥር፣ ከየካቲት ጀምሮ ነው። ልምድ ባይኖራችሁም አንድ ቦታ በፈቃደኝነት ጥቂት ቅዳሜዎች ሠርታችሁ ብትገኙ ቃለ መጠይቁ ላይ የምታወሩት አይጠፋችሁም። ውሃ የማያስገባ ጥሩ ጫማና ሱሪ ግዙ፣ እሱ ላይ አትሰስቱ። መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱን አውጡ። እኛ ጋ አውቶቡስ በቀን ሁለቴ ነው፣ እሁድ ጭራሽ የለም።