ከሰል፣ ላጲስና ጆሃንስበርግ

ጄፒ፣ የእኛ ሰው የሚነግድበት የጆሃንስበርግ መንገድ፣ የደረስኩት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ "አማርኛሽን ይዘሽ ነይ፣ ይበቃሻል" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። የመንገዱ ስም ከተቀየረ ቆይቷል፤ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ነው የሚባለው። የእኛ ሰው ግን አሁንም ጄፒ ነው የሚለው። ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረ ፎቅ ከታች እስከ ላይ ሱቅ ሆኗል። ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ጂንሱ፣ ጫማው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ኮሪደሩ ላይ ቡና ይቆላል። የሆሳዕና ልጆች በሀዲይኛ ዋጋ ይነጋገራሉ።

እኔን ያመጣኝ ግን ሥዕል ነው። የምተዳደረው ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል በመሥራት ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ ደግሞ ሥዕሎቼን ማንቀሳቀስ፣ አኒሜሽን፣ ከጀመርኩ። በዚህ ሙያ ከማንም በላይ ያስተማረኝ ሰው፣ ዊሊያም ኬንትሪጅ፣ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። እሱን ለማግኘት አልመጣሁም። በሥዕሎቹ ውስጥ ያየኋትን ከተማ በእግሬ ልረግጣት ፈልጌ ነው።

"ሰውዬው ምንድነው? ሠዓሊ ነው ወይስ ፊልም ሠሪ?" አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ቡናውን እያቀረበልኝ።

ሁለቱንም ነው አልኩት። በ1955 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተወለደ። ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካና የአፍሪካ ጥናት ተማረ። ከዚያ ሥዕል፤ ከዚያ ደግሞ ፓሪስ ሄዶ ቴአትር። ዛሬ ይሥላል፣ ያትማል፣ ሐውልት ይሠራል፣ ኦፔራ ያዘጋጃል። ሥራው ይብዛ እንጂ መነሻው አንድ ነው። ከሰል።

"እንዲህ ያለ ከሰል?" አለ ምድጃውን እያሳየኝ። አዎ፣ የዚሁ ዘመድ።

ኬንትሪጅ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚሠራ አኒሜሽን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አዲስ ሥዕል ይፈልጋል። ለአንድ ሰከንድ ብቻ 12 ወይም 24 ሥዕል ልታዘጋጁ ትችላላችሁ። እሱ እንደዚያ አይሠራም። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆማል። በከሰል ይሥላል፤ ወደ ካሜራው ሄዶ ሁለት ፍሬም ያነሳል፤ ተመልሶ ትንሽ ይፍቃል፣ ትንሽ ይጨምራል፤ እንደገና ወደ ካሜራው። ቀኑን ሙሉ በወረቀቱና በካሜራው መካከል ሲመላለስ ይውላል። አንድ ሙሉ ትዕይንት በአንድ ወረቀት ላይ ተወልዶ እዚያው ላይ ያልቃል። በስምንት ደቂቃ ፊልም መጨረሻ እጁ ላይ የሚቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አይደሉም። ጥቂት አሥር ወረቀቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ተፍቀው፣ ተስለው፣ ተፍቀው የደከሙ።

ከሰል ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ላጲሱ ባለፈበት ግራጫ ጥላ ይቀራል። ሰውየው ክንዱን ሲያነሳ ክንዱ የነበረበት ቦታ ደብዝዞ ይታያል። መኪናው ሲያልፍ መንገዱ ላይ አቧራ የመሰለ አሻራ ይተዋል። ኬንትሪጅ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የቆጠረው። ዛሬ ሥራውን ከሩቅ የምንለየው በዚያ ጥላ ነው።

እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር የሰረዝኩትን ነገር ድራሹን ያጠፋዋል። እንዳልነበረ ይሆናል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቀው በላዩ ሲጽፉ ግን ብራናው ያስታውሳል። ወደ ብርሃን ስታዞሩት የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ይታያል። ኬንትሪጅን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትዝ ያለኝ ያ ብራና ነው።

እሑድ የአክስቴ ልጅ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ዋለ። "ስልክሽን መንገድ ላይ እንዳታወጪ" የሚለውን ምክር ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። መጀመሪያ የሄድነው ማቦኔንግ ነው። ከጄፒ ብዙም አይርቅም። የድሮ መጋዘኖች ስቱዲዮና ካፌ የሆኑበት ሰፈር ነው። ኬንትሪጅም እዚያ ስቱዲዮ አለው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወጣት አርቲስቶች የሚሞክሩበት ማዕከል እዚያው አቋቁሟል። የማዕከሉ ስም የተወሰደው ጽዋና ከሚባለው ሕዝብ ተረት ነው፤ ጥሩው ሐኪም ካላዳነህ ያነሰውን ሐኪም ፈልግ ይላል። ስሙም "ያነሰው ሐሳብ ማዕከል" እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ሲከሽፍ ከጎኑ ብቅ ያለችውን ትንሿን ሐሳብ ተከተሉ ነው ነገሩ። ሠርቶ ያየ ሰው ይገባዋል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጋለሪ ውስጥ ሁለት ፊልሞቹን አየን። ጨለማ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ እኛና ሁለት ተማሪዎች ብቻ።

የመጀመሪያው በ1991 እ.ኤ.አ. የተሠራው "ማዕድን" ነው። ሶሆ ኤክስታይን የሚባለው ባለ ሀብት ባለ መስመር ሱፉን እንደለበሰ አልጋው ላይ ቁርስ ይበላል። የቡና መጥለያውን መግፊያ ይጫናል። መግፊያው ወደ ታች ይወርዳል፣ አያቆምም። ሰሃኑን ይበሳል፣ አልጋውን ይበሳል፣ ምድር ውስጥ ይገባል። የቡናው መጥለያ የማዕድን ጉድጓድ ሆነ። በድንጋዩ ውስጥ ሲወርድ በግራና በቀኝ ሠራተኞቹ ይታያሉ። አንዱ ይቆፍራል። ሌሎች ይታጠባሉ። ሌሎች እንደ መደርደሪያ በተደራረበ መኝታ ላይ ተኝተዋል።

የአክስቴ ልጅ እዚያ ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እዚህ አገር እንደመጣ ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ ከከተማ ዳር ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ እየዞረ ብርድ ልብስ በዱቤ ይሸጥ ነበር። ተሸክሞ፣ በእግሩ። "እንዲህ ያለ መኝታ አውቃለሁ። ብርድ ልብስ የሸጥኩት እዚህ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አልተናገረም።

ሁለተኛው "ፌሊክስ በስደት" ነው። የተሣለው በ1993 መጨረሻና በ1994 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርም ነጭም ወደሚመርጥበት የመጀመሪያ ምርጫዋ ስትሄድ። ናንዲ የምትባል ሴት በመሬት መለኪያ መሣሪያ ሜዳውን ታያለች። ሜዳው ላይ ሬሳዎች ወድቀዋል። ጋዜጣ እየበረረ መጥቶ ይሸፍናቸዋል። ቀስ በቀስ መሬቱ ይውጣቸዋል፤ ሣርና ጉብታ ይሆናሉ። ላጲሱ እዚህ ጋ ዝም ብሎ መሣሪያ መሆኑ ይቀራል። አገሪቱ ሟቾቿን እንዴት እንደምትረሳ ዓይናችን እያየ ይሠራዋል። ያ ግራጫ ጥላ ግን አለ። ጉብታውን ስታዩ ሰው እንደነበረ ታውቃላችሁ።

ኬንትሪጅ የሚናገረው አንድ የልጅነት ታሪክ አለ። አባቱ ታዋቂ ጠበቃ ነበሩ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ሲገድል የሟች ቤተሰቦችን ወክለው ቆመዋል። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በአባቱ ቢሮ ቢጫ ሳጥን አየ። ቸኮሌት መስሎት ከፈተው። ውስጡ የሟቾቹ ፎቶ ነበር። ይህን ታሪክ ካወቅኩ በኋላ እነዚያን ሬሳዎች እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም።

ስንመለስ ንግሥት ኤልሳቤጥ ድልድይ አጠገብ ወረድን። እዚያ ኬንትሪጅ ከጌርሃርድ ማርክስ ጋር የሠራው፣ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ሐውልት ቆሟል። እሳት የያዘ ማንደጃ በራሷ ላይ ተሸክማ የምትሄድ ሴት ናት። የዚህ ከተማ ጎዳና ላይ በቆሎ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች እንዲያ ነው የሚሄዱት። ከጎን ስትቀርቧት ሴት የለችም፤ የተቆራረጠ ጥቁርና ነጭ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ትንሽ ስትራመዱ ቁርጥራጮቹ ይገጥማሉ። እግሯ ይወጣል፣ ቀሚሷ፣ ማንደጃው። ሌላ እርምጃ ስትጨምሩ ደግሞ ትበተናለች። የአክስቴ ልጅ 14 ዓመት በዚያ ሲያልፍ "የፈረሰ ማስታወቂያ" ነበር የመሰለችው። እጁን ይዤ ትክክለኛው ቦታ ላይ አቆምኩት። "ኧረ!" አለ። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ እያለ ብዙ ቆየ።

ማታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ስናወራ የእናቱን ቤት እንድሥልለት ጠየቀኝ። አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤታቸው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ፈረሰ። እሱ አላየም፤ በስልክ ነው የሰማው። ፎቶም የለውም።

የብርድ ልብስ ካርቶን ገነጠልኩ። ከምድጃው የበረደ ከሰል መረጥኩ። ቆርቆሮውን ጣሪያ ሣልኩ፣ የጭቃውን ግድግዳ፣ ደረጃውን፣ በሩን።

"በሩ እዚህ አይደለም" አለኝ። "በስተግራ ነው፣ ከቧንቧው ጎን።"

ፈቅኩት። ካርቶን ነውና በደንብ አልለቀቀም። በሩን በስተግራ ሣልኩለት። "አዎ፣ አሁን ሆነ" አለ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። የተለቀሰ ለት የገባሁበት፣ በየበዓሉ የምገባበት በር በስተቀኝ ነው። እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አክስቴ በሩን ያዞረችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የጎረቤት ግንብ መግቢያውን ሲያጠበው።

ነገርኩት። ካርቶኑን ወደ መብራቱ አስጠግቶ የተፋቀውን በር በጣቱ ሳይነካ ተከተለው።

"ሌላ ካርቶን ላይ ንጹህ አድርጌ ልሥልልህ?"

"ተይው። በሁለቱም ገብታለች።"

የማሸጊያውን ፕላስተር አንስቶ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ለጠፈው።