ንፍፊት ነው ሲሉ

ደሴ፣ ኅዳር

በዚህ ወር የጦሳ ብርድ ሰውን ሁሉ በጋቢ ጠቅልሎ ነው ወደ ምርመራ ክፍል የሚልከው። የአንገት ምርመራ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ሻሹ ሳይፈታ፣ ፎጣው ሳይወርድ፣ ጣት በጨርቅ ላይ ዳሰስ ዳሰስ ያደርግና ካርዱ ላይ «እጢ የለም» ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ እጅ ይሙቅ፤ ከዚያ አስፈቅዶ ማስወለቅ። ታካሚዋ ሴት ከሆነች ሴት ባለሙያ ወይም አስታማሚዋ አጠገቧ ትቁም።

ታካሚው ግን ልብሱን ሳያወልቅ ምርመራውን በአንድ ቃል ጨርሶ ይመጣል፤ «ንፍፊት ነው»። ቃሉን እወደዋለሁ፤ የሊምፍ እጢ ማበጧን ይናገራል እንጂ የበሽታ ስም ግን አይደለም። የእግር ቁስል በብሽሽት፣ የእጅ ቁስል በብብት፣ ቆረቆርና ቅማል በማጅራት፣ ጥርስና ጉሮሮ በመንጋጋ ሥር ይናገራሉ። ስለዚህ ያበጠውን ከመንካት በፊት ወደ እሱ የሚፈሰውን አካባቢ ማየት ይቀድማል፤ የእግር ጣት መሃል ሳይቀር። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ብሽሽቱ ላይ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የምትደርስ፣ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ እጢ ቢኖረው ብዙም አያስጨንቅም። አንገትና ብብት ላይ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያለፈችው ታስጠይቃለች። ከክርን በላይ በውስጥ በኩል ያለችው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈች፣ ማለትም ከምስር ከበለጠች፣ ዝም አትባልም። ከአንገት ግርጌ፣ ከአግድሙ አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ የምትገኝ ደግሞ ትንሽ ናት ተብላ አትታለፍም። የግራዋ የሆድ ዕቃን ካንሰር ልታሳብቅ ትችላለች፤ በእጢዎች ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ፣ ሊምፍ፣ ከሆድ መጥቶ ወደ ደም ሥር የሚገባው በግራ በኩል ነውና።

ጥያቄው ላይ ቀን መቁጠር ብዙ አያዋጣም። «እትየ፣ ለመስቀል ነበረች?» ብሎ በበዓል መጠየቅ ይሻላል። ከአራት ሳምንት በላይ ቆይታ ያልጎደለች እጢ ምክንያቷ መፈለግ አለበት። ክብደት መቀነስ ሲጠየቅ «ቀንሻለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ገባ? በስድስት ወር ከክብደት አንድ አሥረኛው ከሄደ ከባድ ነገር ነው። የሌሊት ላብም ልብስ የሚያስቀይር መሆኑ ይጣራ፤ ባቲ ላይ በግንቦት የማያልበው ማን አለ? ሳል ሁለት ሳምንት ሞልቶ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው እንዳለ፣ ወተቱ ተፈልቶ ይጠጣ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እየወሰደ እንደሆነ ይጠየቃል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ራሱ እጢ ያሳብጣል።

በኅዳር የማይዘለል አንድ ጥያቄ አለ፦ «ለሰሊጥ ወርደህ ነበር?» ሁመራና መተማ ከርሞ፣ ማታ ግራር ሥር ተኝቶ የተመለሰ ጎልማሳ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ካላአዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውና ጣፊያን የሚያሳብጠው በሽታ፣ መታሰብ አለበት። ምልክቱ ከአሸዋ ዝንቡ ንክሻ ወራት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ዓምና የወረደም ይጠየቃል። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ያውቅ እንደሆነ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ተጋግሮ እንደሆነ፣ የሳንባ ምች ይመላለስበት እንደሆነ ደግሞ ስለ መከላከያ አቅሙ ይናገራሉ። የኤችአይቪ ጥያቄ አስታማሚ ባለበት አይጠየቅም።

አንገት ሲዳሰስ ታካሚው ይቀመጣል፤ መርማሪው ከኋላ ይቆማል። በሁለቱም እጅ፣ በአመልካችና በመሃል ጣት ሆድ፣ ቆዳውን ከሥሩ ባለው ሥጋ ላይ በቀስታ ማንሸራተት ነው፤ የሚጫን ጣት ትንሿን እጢ ያሸሻታል። ከጆሮ ፊት ተጀምሮ ከጆሮ ኋላ፣ ማጅራት፣ የመንጋጋ ማዕዘን፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከአገጭ ሥር፣ በአንገት ጎን ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ያበቃል። ጎድጓዳው ሲዳሰስ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ማስሳብ የተደበቀችውን ብቅ ያደርጋታል። እጢ ወደ ላይና ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም ትንከባለላለች፤ ጡንቻና የደም ሥር ሁለቱን አያደርጉም። ከመንጋጋ ሥር ያለችው የምራቅ ዕጢ ብዙ ጀማሪ ታሳስታለች።

ለብብት የታካሚውን ክንድ መርማሪው ራሱ ይሸከም። ታካሚው ክንዱን በራሱ ኃይል ካነሳ ጡንቻው ይወጠርና ጣት ወደ ላይኛው ጫፍ አይደርስም።

ተጣብቀው እንደ ጓል የተያያዙ፣ የማያምሙ፣ ቆይተው የሚለሰልሱ የአንገት እጢዎች ከሆኑ የእጢ ቲቢ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አይቀርም። አንዱ የለሰለሰችውን መግል ይዛለች ብሎ መብጣት ነው፤ ቁስሉ ወራት ሙሉ እያዠ አይዘጋም። መርፌ ከጎን፣ ጤነኛ በሆነው ቆዳ በኩል አስገብቶ መሳብና ናሙናውን መላክ ነው እንጂ። ሁለተኛው የምርመራው ውጤት ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መስጠት ነው፤ ሊምፎማ (የሊምፍ እጢ ካንሰር) ከሆነ እጢዋን አሟሽሾ የናሙናውን ውጤት ያበላሻል። የመተኮስ ጠባሳም ይታይ፤ እጢዋ ቆየት እንዳለች ታካሚው ሳይናገር ሊናገር ይችላል፣ አይወቀስበትም።

የጣፊያ ነገር በመጨረሻ። ጣት የሚጀምረው ከቀኝ ብሽሽት በላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ግራ ጎድን ይወጣል። ከጎድን ሥር የጀመረ እጅ እምብርት የደረሰውን ጣፊያ ሆድ መስሎት ያልፈዋል። በኃይል አይጫንም፤ ያበጠ ጣፊያ ይቀደዳል። ካልተገኘ ታካሚውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ መድገም ነው። ጠርዙ ሲገኝ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎ ከጎድኑ ጠርዝ ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ካርዱ ላይ ይጻፍ። «ትልቅ» ተብሎ ከተጻፈ ከሕክምናው በኋላ የሚያየው ሰው መቀነሱን በምን ያውቃል?