ጋሼ ባያውቁኝ ኖሮ

ስለ ጎልፍ ሜዳዎች በአማርኛ መጻፍ ስጀምር ማንም አላስጠነቀቀኝም። እውነቱን ለመናገር ቢያስጠነቅቁኝም አልሰማም ነበር። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ጎልፍ የተማርኩት ላንግስተን ነው፤ በዘር መድልዎ ዘመን ለጥቁር ተጫዋቾች ተብሎ በ1939 የተከፈተ የሕዝብ ሜዳ። እዚያ ማን ነህ የሚልህ የለም። ከፍለህ ትገባለህ፣ ኳስህን ውሃ ውስጥ ትከታለህ፣ እየተነጫነጭክ ትወጣለህ።

አሠራሬ ቀላል ነው። ሜዳዎቹን የምገመግመው ማን መሆኔን ሳልናገር፣ እንደማንም ደንበኛ ሆኜ ነው፤ መነሻ ሰዓት አስይዛለሁ፣ በራሴ ካርድ እከፍላለሁ፣ ብቻዬን ስለምሆን ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ይመድቡኛል፣ ማታ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ በሐሰት ስም ሰዓት ይዤ፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ሆኖ፣ ከኋላዬ ሰልፍ እየጠበቀ እንደ ሌባ ተፋጥጫለሁ። አትሞክሩት። ስማችሁን የሚያውቅ የለም፣ አትኩራሩ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከቤቴ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳ ሜዳ ነው። ስሙን አልጠራም። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን ከመኪና ሳወርድ፣ ካርቶቹን፣ ሜዳ ውስጥ የሚነዱትን ትንንሽ መኪኖች፣ በፎጣ የሚወለውሉ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ! ያ ስለ ጎልፍ የምትጽፈው ልጅ አይደለህም እንዴ? ልጄ ስልኳ ላይ አሳይታኛለች!»

ፎቶዬን የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ያውም ኮፍያ አድርጌ፣ ክንዴን አጣጥፌ። ምን ያድርጉኝ?

«ጋሼ፣ እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ መጣ። ጋሼ ከካርቶቹ ጀርባ ሆነው ጠቀሱኝ። ውለታ መዋላቸው ነው እኮ! የአገራቸው ልጅ፣ ያውም ጸሐፊ፣ እንደማንም ሲሰለፍ ዝም ብለው ሊያዩ ነው? እንዴት ብዬ ልቆጣቸው?

የከፈልኩት ብር ወደ ካርዴ ይመለስ ተባለ። ሰው ቤት እንጀራ ሲጨመርልን እንደምናደርገው ሁለቴ እምቢ ብዬ በሦስተኛው ተቀበልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው። እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ጨዋታው! ከፊቴ ሰው የለም፣ ከኋላዬ ሰው የለም። 18ቱን ጉድጓድ በሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረስኩ። በመሀል ሳንድዊች መጣልኝ። ማታ «እዚህ ጨዋታው እንደ ውሃ ይፈሳል» ብዬ ጻፍኩ። በነጻ መጫወቴንም መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ገለጽኩ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ2009 ጀምሮ ለኢንተርኔት ጸሐፊዎች ጭምር የሚለው ይህንኑ ነው፤ በነጻ የተሰጠህ ነገር ካለ ለአንባቢ ተናገር። ተናገርኩ፣ እጄን ታጠብኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አንባቢ ጻፈልኝ። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ የሚያርፍ ሰው ነው። እኔን አምኖ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ሄዶ አምስት ሰዓት ሙሉ ተጉላልቷል፤ ልጁን የሚወስድበት ሰዓት ደርሶበት 14ኛው ላይ አቋርጦ ወጣ። መልእክቱ የሚያልቀው «ወንድሜ፣ አንተ የተጫወትከው የት ነው?» ብሎ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼ የማይገቡበትን ቀን ያወቅኩት ራሳቸው ጋ ደውዬ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ስልካቸውን ሰጥተውኝ ነበር። (አዎ፣ ነውር ነው።) ሰባተኛው ጉድጓድ አጭር ፓር ሦስት ነው፤ ኳሱ በሦስት ምት ይገባል ተብሎ የሚጠበቅበት። ስንደርስ ከፊታችን ሦስት ቡድን ተደርድሯል። አንዱ ሰውዬ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሣሩ ላይ ተኝቷል፣ ጓደኞቹ ተራው ሲደርስ በዱላ ነካ አድርገው ቀሰቀሱት። 18ቱን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ መነሻ ሰዓቱን በየስምንት ደቂቃው ይሸጡታል፣ ፓር ሦስቱ ደግሞ በዚያ ፍጥነት አያሳልፍም፣ ስለዚህ እዚያ ይታፈናል። ለእኔ ያን ዕለት ከፊትም ከኋላም ክፍት ትተውልኝ ነበር።

«ጎልፍ ላይ ማንነትን መደበቅ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። ምግብ ቤት የሚያውቁት ገምጋሚ ሲመጣ ሥጋውን መርጦ ሊያቀርብ ይችላል፣ ለዚህ ነው ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽለን ሰዎች ሳይታወቁ ሄደው ሒሳባቸውን የሚከፍሉት። ሣር ግን በግማሽ ሰዓት አይበቅልም፣ ባንከርም፣ ያ ኳስ የሚውጠው የአሸዋ ጉድጓድ፣ ቦታ አይቀይርም። እውነት ነው። ግን እኔ ተቀየርኩ! የዚያን ቀን ማስታወሻዬን ስገልጥ «4ኛ፣ 11ኛ፣ 16ኛ፤ አሸዋው እንደ አስፋልት» ይላል፣ በእጄ ጽሑፍ። ያተምኩት ላይ የለም። ጋሼ ፊት እንዳያጡ ብዬ ነው የዘለልኩት። ይሉኝታ ነው ሌላ ምን ይባላል? ኮሚሽኑ «በነጻ ነው በል» ይላል እንጂ ይሉኝታህንም ጻፈው አይልም። ስለዚህ መግለጽ ይበቃል የሚለውን ምክር አልቀበልም። ክፈሉ።

እንደ ኦገስታ ናሽናልና ፓይን ቫሊ ያሉት የግል ክለቦች ላይ ይህ አይሠራም። አባል ካልጋበዘህ አትጫወትም፣ ከተጋበዝክ ደግሞ ማን እንደሆንክ ይታወቃል። ስለዚህ አልገመግማቸውም። ጋብዞ ያበላኝን ሰው ወጥህ ጨው በዝቶበታል ልለው አልችልም። የመጽሔቶቹን የምርጥ ሜዳዎች ዝርዝር ሳነብም ይህችን አልረሳትም።

መደበቅም ታዲያ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ሄጄ ግሪኑ ሁሉ፣ ጉድጓዱ ያለበት በአጭሩ የታጨደ ሣር፣ እንደ ወንፊት ተበስቶ አገኘሁት። ሥሩ አየር እንዲያገኝ ሆን ብለው ነው የሚበሱት፤ እስኪድን ሳምንታት ይፈልጋል። ያንን አይቶ መኮነን ግፍ ነው። አሁን እንደማንኛውም ደንበኛ ደውዬ «መቼ ነው የበሳችሁት?» እላለሁ። ይናገራሉ፣ ስምም አይጠይቁም።

ፎቶዬን አነሳሁ። ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት፣ አምስት ሰዓት ከአርባውንም፣ አስፋልቱንም፣ ለአንባቢው ይቅርታም ጨምሬ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ደወሉ። ልቤ ዱብ አለ።

«አነበብኩት» አሉ። ትንሽ ዝም አሉ። «ባንከሩን ግን እውነትህን ነው። እኔም ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ መሰለህ።»