አኪለስ ሄክቶርን ገድሎም እንቅልፍ አልወሰደውም

ሆሜር የሚባለው የጥንት ግሪክ ገጣሚ ስለ ግሪኮችና ስለ ትሮይ ከተማ ጦርነት የገጠመውን ኢሊያድን ብዙ ሰው የጦርነት ግጥም ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ለኔ ግን የለቅሶ ግጥም ነው። በተለይ ከ16ኛው ክፍል በኋላ ያለው፣ ፓትሮክለስ የጓደኛውን የግሪኩን ጀግና የአኪለስን የጦር ልብስ ለብሶ ወጥቶ በትሮዩ ጀግና በሄክቶር እጅ ከሞተ ወዲህ ማለቴ ነው።

አኪለስና ፓትሮክለስ አብሮ አደጎች ናቸው፣ ፓትሮክለስ ልጅ ሆኖ ሰው ገድሎ አባቱ ይዞት መጥቶ እነ አኪለስ ቤት ነው ያደገው። መርዶውን አንቲሎኮስ የሚባል የግሪክ ተዋጊ ሲያረዳው አኪለስ በሁለት እጁ አመድ አፍሶ ጭንቅላቱ ላይ ይነሰንሳል፣ መሬት ላይ ተዘርሮ ፀጉሩን ይነጫል፣ አንቲሎኮስ ደግሞ ራሱን እንዳያርድ ፈርቶ እያለቀሰ እጆቹን ይዞታል። የአኪለስ እናት ቴቲስ (የባሕር አምላክ ናት) ሄክቶር ከሞተ ያንተም ሞት ይከተላል ስትለው መልሱ አሁኑኑ ልሙት ነው፣ ጓደኛዬ ሲገደል አልደረስኩለትምና። እዚህ ጋ በጣም የሚያመኝ ፀፀቱ ነው፣ ወደ ውጊያው የላከው እሱ ራሱ ነዋ!

ከዛ በኋላ ያለው ደም መመለስ አይደለም እልቂት ነው። ሊካኦን የሚባል የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ልጅ ጉልበቱን ይዞ ሲለምነው ካንተ በብዙ የሚሻለው ፓትሮክለስም ሞቷል ብሎ ይገድለዋል። ሄክቶርንም ገድሎ እግሩን በስቶ ሰረገላው ላይ አስሮ ጎተተው፣ ለጓደኛው ቀብር ደግሞ 12 የትሮይ ወጣቶች አረደ፣ ይሄን ሆሜር ራሱ ክፉ ሥራ ነው የሚለው። (እዛው ጋ የፓትሮክለስ ሬሳ የሚቃጠልበት እሳት አልነድ ሲል የነፋስ አማልክቱን ልትጠራ የሄደችው የአማልክት መልእክተኛዋ ኢሪስ አረፍ በይ ሲሏት መቀመጥ አልችልም፣ ኢትዮጵያውያን አገር መስዋዕት አለ ትላለች፣ እንደዛ ባለ ሀዘን መሀል ስማችንን ማግኘት ይገርመኛል።)

ግን በቀሉ 22ኛው ክፍል ላይ አለቀ፣ ግጥሙ ደግሞ 24 ክፍል ነው። ለምን ቀጠለ? በቀሉ ሀዘኑን ስላልነካው ይመስለኛል። 24ኛው ሲጀምር ሰው ሁሉ በልቶ ተኝቷል፣ አኪለስ ብቻ አንዴ በጎኑ አንዴ በጀርባው አንዴ በሆዱ ይገላበጣል፣ ሲነጋ የሄክቶርን ሬሳ አስሮ የፓትሮክለስን መቃብር 3 ጊዜ ይዞራል፣ በማግስቱም ያው፣ አንጀቱ አልራሰም።

የሚለወጠው የሄክቶር አባት ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ጠላት ሰፈር ገብቶ ልጆቹን የጨረሱትን እጆች ሲስም ነው። አባትህን አስብ ይለዋል፣ ከዛ አብረው ያለቅሳሉ፣ ፕሪያም ለሄክቶር፣ አኪለስ አንዴ ለአባቱ አንዴ ለፓትሮክለስ። ሄክቶርን ሳልገድል እህል አልቀምስም ብሎ የነበረው ሰውዬ አሁን ፕሪያምን እባክህ እህል ቅመስ እያለ የሚለምነው እሱ ነው። ለቀብሩ ስንት ቀን ትፈልጋለህ ብሎም ይጠይቀዋል፣ ፕሪያም 9 ቀን እናለቅሳለን፣ በ10ኛው እንቀብራለን፣ በ11ኛው መቃብሩ ላይ አፈር እንከምራለን፣ በ12ኛው የግድ ከሆነ እንዋጋለን ይላል፣ አኪለስም እሺ ብሎ ጦሩን ያቆምለታል።

ግሪኮች ተደብቀውበት ትሮይ የገቡበትን የእንጨቱን ፈረስ እየጠበቃችሁ የምታነቡ ካላችሁ ኢሊያድ ውስጥ የለም፣ የአኪለስ ሞትም የለም፣ መጨረሻው የሄክቶር ቀብር ነው።