ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሐይቅ ዳር

ለቅሶ ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ ሐዘን ተካፋይ አያጣም። ቀኑ የሚረዝመው ሰልስት አልፎ እድርተኛው ድንኳኑንና ወንበሩን ሲሰበስብ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ያን ጊዜ ሐይቁ ይረዳል፤ ግን ሄዶ ውሃ ላይ ማፍጠጥ አይበቃም፤ ባዶ ውሃ ላይ የተተከለ ዓይን ወዲያው ወደ ሟቹ ይመለሳል። ዓይን ሥራ ይፈልጋል።

ለጀማሪ ጥሩው ሥራ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉሯን ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ መከታተል ነው። አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ባለችበት ትቆምና ተወርውራ በምንቃሯ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አንድ ብቻ አላት። ለእያንዳንዱ መውረድ ደብተር ላይ አንድ ጭረት፣ ዓሣ ይዛ ከወጣች ጭረቱ ላይ ነጥብ። ቁጥሩ ከጠፋ ሐሳብ ሄዷል ማለት ነው። አይሰረዝም፤ ከዚያው ይቀጠላል። እንባም ከመጣ ይምጣ፤ ባይኖኩላር የያዘ ሰው ግን መስታወቱን የሚጠርግበት ጨርቅ አይርሳ።

በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ በቂ ነው፤ ሰዓት ማብዛት ዓይንን ያደክማል፣ የደከመ ዓይን ደግሞ ያፈጣል። ቦታው አይቀያየር። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12:30 እስከ 1:30 ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ማታ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ በሚያውቁት ሰው ስለሚሞላ በየአሥር እርምጃው «እግዜር ያጽናሽ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለ። ሳይነጋ መውጣትም አያዋጣም፤ ሌሊት ሣር ሲግጥ ያደረ ጉማሬ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ በእሱና በውሃው መሃል መገኘት አደጋ ነው። እግርን ውሃ ውስጥ መንከርም ይቅር። ቢልሃርዚያ አለ፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ጉሬዛው፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ ጀልባው ሁሉ ደስ ይላል፤ ግን ጫጫታውና የሚበለተው ዓሣ ደም ለጥሬ ሐዘን ይከብዳል። ለሦስተኛው ሳምንት ይቆይ።

አጃቢ ካለ ጎን ለጎን ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አይሁን፤ አያጽናና። ከአርባ በፊት መውጣት ቅር የሚላቸው ሽማግሌዎች ካሉ ቀድሞ «ሐይቅ ዳር ደርሼ ልምጣ» ማለት ይሻላል። እንቅልፍና ምግብ ጨርሶ እምቢ ያለው ወይም «ምነው እኔን በወሰደኝ» እያለ የሚደጋግም ሰው ግን ብቻውን ወደ ውሃ አይሂድ፤ አብሮት የሚሆን ሰውና ሐኪም ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ ሲለመድ ጆሮ ይጨመራል፦ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ከየት እንደመጣ ለመለየት ዓይን መክደን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሞከር።