የአሞኒያ ጌጅና የአዲስ አበባ ከፍታ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቢራ ፋብሪካ የማቀዝቀዣ ክፍል ኦፕሬተር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የደከምኩት፣ ማቀዝቀዣው ከሚሠራበት የአሞኒያ ሲስተም ውስጥ የሌለ አየር ለማስወጣት ነበር።

አየር በጥገና ጊዜ ወደ ሲስተሙ ከገባ የአሞኒያው ጋዝ ወደ ፈሳሽ በሚለወጥበት ክፍል፣ በኮንደንሰሩ ውስጥ ይከማቻል፤ ወደ ፈሳሽ ስለማይለወጥም የራሱን ግፊት በአሞኒያው ላይ ይጨምራል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም ያለ ጥቅም መብራት ይበላል። ስለዚህ በየፈረቃው ከኮንደንሰሩ የሚወጣውን ፈሳሽ ሙቀት ለክተን ከግፊት መለኪያው፣ ከጌጁ ንባብ ጋር እናመሳክር ነበር። ፈሳሹ 25 ዲግሪ ከሆነ፣ የአሞኒያን ሙቀትና ግፊት የሚያዛምደው ሰንጠረዥ እንደሚለው ጌጁ 9.0 ባር ማሳየት አለበት፤ የእኛው ግን ሁልጊዜ 9.3 ገደማ ያሳያል። እኛም ትርፉን አየር ነው ብለን፣ ማስክ አጥልቀን፣ የማስወጫውን ጎማ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረን ቫልቩን እንከፍታለን።

አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አጠገቤ ቆሙና፣ «ልጄ፣ አረፋ ይታይሃል?» አሉኝ።

«አይታየኝም፣ ጋሼ።»

በእርግጥም ውሃው እየተንጣጣ ይሞቅ ነበር እንጂ ወደ ላይ የሚወጣ አረፋ አልነበረውም። አየር ቢሆን አረፋ ሠርቶ ይወጣ ነበር፤ አሞኒያን ግን ውሃ ወዲያው ይውጠዋል።

«እንግዲያው የምትደፋው አሞኒያውን ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጌጅ የሚያነበው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጥበትን መጠን ብቻ ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ለባሕር ጠለል፣ ማለትም ለ1.01 ባር የአየር ግፊት ነው፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ግን የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ብቻ ነው። እንደ አየር ስናሳድደው የነበረው ትርፍ ንባብ ይኸው ልዩነት ነበር።

በእኔ ግምት የባሰው ኪሳራ ግን ኮምፕሬሰሩ የተነነውን ጋዝ በሚስብበት በመሳቢያው በኩል ነበር። አሞኒያ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ እንዲተን ከተፈለገ በሰንጠረዡ መሠረት ጌጁ 1.9 ባር ማሳየት አለበት፤ እዚህ ግን ትክክለኛው ንባብ ወደ 2.1 ይጠጋል። እኛ 1.9 ላይ በማስተካከላችን ትነቱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ይወርድ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩም ማንም ላልጠየቀው ሁለት ዲግሪ ቀንና ሌሊት ይለፋ ነበር።

ዛሬ በጌጆቻችን መስታወት ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረ የራሳችን ምልክት አለ። አዲስ የግፊት ሴንሰር ሲገጠምም አስቀድሜ የምጠይቀው ዜሮውን ከየት እንደሚጀምር ነው።